የህመም ነቃይዋ ጫማ

«ይጠባል?» ብሎ ጠይቋት ነበር ጫማ ሰፊው።

«አይጠብም» ብላ አጥልቃው ሄደች። በሦስተኛው ቀን ተረከዙ ስለላላ ተመለሰች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የግራ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችው። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ በደም ርሰዋል።

ምስማር ነበር። ራሱ መትቶት፣ ጫፉን ሳያጥፍ የረሳው ምስማር።

«እኔን! እኔን ይውጋኝ! ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ላይ ነው የሄድሽው?»

«በምን ላይ?» አለች።

ከድንጋጤው ብዛት «እርስዎ» ማለቱን ረስቷል። እሷንም የገረማት ደሙ ሳይሆን «አንቺ» መባሏ ነው። በሰፈሩ ደፍሮ አንቺ የሚላት አልነበረም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የተወጋችው አላወቀችም፤ እንቅልፍ ያጣው የወጋው ነው።

ሴትየዋ ህመም ነቃይ ናት። በሽተኛው ላይ እጇን ጭና ድግምቱን ስታነበንብ ህመሙ ተነቅሎ እሷ ውስጥ ይገባል። አያማትም። በምትኩ ከገላዋ ጣት የምታህል ስፍራ ትደነዝዛለች። ድንዛዜው ከእግሯ ትንሿ ጣት ጀምሮ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ እያለ ወጥቶ ጎድኗ ስር ደርሷል። ልቧ ጋ ከደረሰ ማንንም መውደድ አትችልም። ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ የገዛ ልጇ ሲቀበር አዛግታለች።

«ታዲያ ለምን አትተዪውም?» አላት ጫማ ሰፊው፣ ቁስሏን እያጠበ።

«ከተውኩት የነቀልኩት ሁሉ እኔው ላይ ይመለሳል። የሰው ሁሉ ህመም፣ አንድ በአንድ። ደግሞም...»

«ደግሞም ምን?»

«መደንዘዝ ይጣፍጣል።»

ከዚያ ወዲህ ጫማዋ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ተረከዙን በጉጠት የምትነቅለው ራሷ ናት። የጉጠቱን ጥርስ ምልክት አይቶ ነገሩ ገብቶታል፤ ግን ዝም ብሎ ይመታዋል። እግሯንም አገላብጦ ያያል፣ ሌላ ነገር ወግቷት እንደሆነ።

አንድ ቀን መዶሻውን አስቀመጠ። «ልብሽ ጋ ሳይደርስ ላግባሽ» አላት።

«እስቲ ላስብበት» አለችው። አስባ ስትመለስ ሱቁ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ። አስር ቀን ሙሉ!

ማን ግንድ ያገባል፣ ብላ ቤቷ ገባች። ያን ቀን የሦስት ሰው ህመም ነቀለች። ድንዛዜው ጡቷ ስር ደረሰ። ደስ አላት፤ መከፋቷም አብሮ እየደበዘዘ ነበር።

በአስራ አንደኛው ቀን ወገቧን ልታስነቅል የመጣች ልብስ አጣቢ «የጫማ ሰፊው እናት እኮ ጎረቤት አላስተኛ አሉ፣ በጩኸት። አልሰሙም እንዴ?» አለቻት።

ልብስ አጣቢዋን ሳትነካት ተነስታ ሄደች። እሱ የቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፂሙ አድጓል።

«አትግቢ» አላት።

«ንቀኸኝ ነው?»

«እማዬን ብትነኪያት ልብሽ ይሄዳል። ባትነኪያት ትጮሃለች። በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ከውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ። «ማናት? ያቺ ጫማ የምታበላሸዋ ናት? አስገባት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»

ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ እጇን ያዟት።

«ስሚኝ ልጄ። ህመሙ የኔ ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ። አንቺ እጄን ብቻ ያዢልኝ። እንዳትነቅዪ።»

የበሽተኛ እጅ ይዛ ሳትነቅል ቀርታ አታውቅም። ድግምቱ በራሱ ምላሷ ላይ መጣ። ነከሰችው። አሮጊቷ በጮኹ ቁጥር ጨመቋት፤ እሷም በጮኹ ቁጥር ምላሷን ነከሰች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጃቸው ላላ።

እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ አየችው። ደረቷ ውስጥ፣ መዳፍ በምታህል በቀረችው ስፍራ፣ አንድ ነገር ወጋት።

«አመመኝ» አለችው።

«እኔንም» አላት።

ከዚያ በኋላ አልነቀለችም። ተጋቡ። ህመሙም ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ። በየሌሊቱ፣ በየቀኑ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ባለፈበት ሁሉ ድንዛዜው ይለቃል። እሱ ላቧን እየጠረገ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ይላታል።

«የአናጢው ጥርስ!»

«አይ አናጢው! ይህን ያህል ተሸክሞ ነው ሲያላግጥብኝ የከረመው?»

በህመሟ መሃል ትስቃለች። ስትስቅም ያማታል።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ከሰዓት አዲስ ጫማ ሰርቶ እግሯ ስር ተንበረከከና አጠለቀላት።

«ይጠባል?»

ቀና ሲል ጉንጯ ረጥቧል።

«ይጠባል» አለች። «ትንሿ ጣቴ ላይ። በጣም ይጠባል!»

የእግሯን ጣት በጫማው ላይ ያዘ። «አውልቂው፣ አሁኑኑ ላስፋልሽ።»

«ቆይ» አለችው፣ ተነስታ እየቆመች። «ትንሽ ልሂድበት።»