የጠራው ውሃ

ዓሣው ከገንዳው አንድ ጥግ እስከ ሌላው ይሮጣል፤ መስታወቱን በአፉ ይገፋል፤ ይመለሳል። ልጅቷ የሒሳብ መጽሐፏን ከፍታ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ብታነበውም ወደ ልቧ አልገባ አለ። ዐይኗ ቁጥሮቹን ትቶ እሱን ይከተላል፤ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ጓደኛውን እየፈለገ ነው» አለ ታናሽ ወንድሟ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንለት ቤተሰቡ ቁንጫ ይለዋል። አሁን ግን እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ድርቅ ብሎ ቆሟል። ትንሿ ዓሣ ማክሰኞ ከሞተች ወዲህ ገንዳውን በጣቱ ጫፍ እንኳ አልነካም።

«ዓሣ ደግሞ ምን ያውቃል?» አለችው።

«ያውቃል። የገደልኩበትም እኔ ነኝ። ምግብ አብዝቼ።»

ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ያለፈው አልፏል! ሁለተኛ ግን ያንን የምግብ ጣሳ እንዳትነካ!»

ልጅቷ ዐይኗን ወደ መጽሐፏ መለሰች። የምታውቀውን ከደበቀች አራት ቀን ሆናት።

በቤቱ ውስጥ ንጽሕናዋ የታወቀ ነው። አባቷ «የእርሷ ጫማ ከእኛ ሳህን ይጸዳል» እያለ ይቀልድባታል። ባለፈው ቅዳሜ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ የገንዳውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፋችው፤ ከማጣሪያው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ የተጋገረበትን ስፖንጅ አወጣች፤ ተጸየፈችው፤ እንደ ጥጥ እስኪነጣ ድረስም በበረኪና አሸችው። እንግዶቹ ዓሣዎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ ብለው አደነቁ። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተገኘች። ምክንያቱን ስትፈልግ የማጣሪያውን የመመሪያ ወረቀት አገኘች፤ «ስፖንጁ በገንዳው ውሃ ብቻ ይለቅለቅ» ይላል። ይህን ስታነብ ቁንጫ «እኔ ነኝ» ብሎ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ በሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው።

ዓሣው እንደገና መስታወቱን ገፋ።

«ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ» አለች በድንገት። «ጓደኛ እንገዛለታለን።»

ሌላ ዓሣ ቢመጣ ልጁ ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል ብላ አሰበች። የሚያባርራት ያለ ይመስል መንገዱን ተያያዘችው፤ ቁንጫ በሁለት እጁ አንድ ብልቃጥ ደረቱ ላይ ለጥፎ ከኋላዋ ይሮጣል።

ዓሣ ሻጩ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሰበሰበ ቀጭን ሽማግሌ ነው። የመጡበትን ሲነግሩት ሣቀ። «እናንተ ደግሞ ለዓሣ ደላላ ሆናችኋል?»

«ጋሼ፣ ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል አይደል?» አለ ቁንጫ።

«ይህ ዘር አብሮ መዋል ይወዳል፤ አልተሳሳትክም። ግን መስታወት የሚገፋ ሁሉ ጓደኛ ፈልጎ አይደለም። አንዳንዱ መውጫ ፈልጎ ነው። እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የገንዳችን ውሃ። አዲሱ ዓሣ አገሩን እንዲለምድ ብዬ።»

«አይ አንተ! ከትልልቆቹ ደንበኞቼ ማን እንዲህ አስቦ ያውቃል?» ሽማግሌው ከውሃው ጥቂት በቀጭን ጠርሙስ ቀዳ፤ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት። ጥርት ያለው ውሃ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። የሽማግሌው ሣቅ ጠፋ።

«ውሃው የቆሻሻ መርዝ ሞልቶበታል፤ ዓሣውን እያቃጠለው ነው። ዛሬ ጓደኛ ብጨምርበት ሁለቱም ያልቃሉ።»

«ምግብ አብዝቼ ነው» አለ ቁንጫ አንገቱን ደፍቶ።

«ሊሆን ይችላል። ከምግብ ከሆነ በየቀኑ ጥቂት ውሃ እየቀየራችሁ አስጹሙት። ስፖንጁ በመድኃኒት ታጥቦ ከሆነ ግን ያ አይበቃም። ስፖንጁ ውስጥ የነበረው ዝቃጭ በዐይን የማይታይ ሕይወት አለው፤ እሱ ነው የዓሣውን ቆሻሻ የሚበላለት፤ ከእኔ ገንዳ አሮጌ ስፖንጅ ቆርጬ መስጠት አለብኝ። ደግሞ ያለኝ ትርፍ አንድ ነው፤ በከንቱ አላባክነውም።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «የቱ ነው?»

በአረንጓዴው ውሃ በኩል የወንድሟን አገጭ አየችው፤ ይንቀጠቀጣል። «ምግብ ነው» ብትል ሰሚው ሁሉ ያምናታል።

«በበረኪና ነው የታጠበው» አለች። «ያጠብኩትም እኔ ነኝ።»

ቁንጫ ቀና አለ። «እትዬ… ታዲያ እኔ አይደለሁም?»

«አንተ አይደለህም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸባትም። ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድሟት ሄደ፤ ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትቆም ግን ይቆማል። ሽማግሌው የቆረጠላት ስፖንጅ ከነዝቃጩ በላስቲክ ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነው። ላስቲኩ ያፈስሳል፤ ጥቁሩ ውሃ እጅጌዋን አልፎ እስከ ክርኗ ወረደ። አልጠረገችውም።

ቤት እንደደረሰች ስፖንጁን በማጣሪያው ውስጥ አስገባች። ውሃው ወዲያው ደፈረሰ፤ ዓሣው በድፍርሱ ውስጥ ጠፍቶ ብቅ አለ። መሮጡን አልተወም። ቁንጫ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን እንዳኮሳተረ፣ ዓሣውን ሳይሆን እርሷን ይመለከታል።

ከሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። በወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ይንጣጣል።

«እማዬ» አለች መጋረጃውን ገልጣ፣ «አንዴ መኪናውን አቁሚው።»