ሲጠየቅ ይመለሳል

ሚስጥር አርባኛዋን ቁራጭ ወረቀት ከላስቲኩ ስባ አወጣችና የጫማ ካርቶኑ ውስጥ ጣለቻት። አርባ አንደኛዋንም እንደዚያው። የተጻፈውን አላነበበችም። እጇ ሥራውን ይሠራል፤ እሷ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታየዋለች። አባቷ ከሞተ አራት ወር ሆነ፤ አራት ወር ሙሉ ሁሉ ነገር እንዲህ ነው። ለቅሶው ላይ አላለቀሰችም። ሰዉ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ» አላት። እሷ ግን ጠንካራ አልነበረችም፤ ምንም አይሰማትም ነበር፣ በቃ።

«ይሄን እዪው ደግሞ!» አለች ክብረት አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ክብረት ዝምታ አልፈጠረባትም። «የአውቶብስ ትኬት! ከሶዶ ሻሸመኔ። ሰው ያገለገለ ትኬት ይሰበስባል? አባትሽ ግን ትንሽ ፋራ ነበሩ አይደል? በፍቅር ነው እንዳትቆጪኝ።»

ሚስጥር አልተቆጣችም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

አባቷ መምህር ሻንቆ ታሪክ ያስተምር ነበር። ሌላው የሚጥለውን ወረቀት እሱ ይሰበስባል፦ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ የስኳር ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ በእጅ የተገለበጠ የመዝሙር ደብተር፣ ከአንድ የድሮ ጸሐፊ ቤት የተገኘ በብርዕ የተጻፈ አቤቱታ። አንዱንም ግን ገዝቶ አያውቅም። ጣሪያው የሚያፈስበት፣ ምስጥ ያስቸገረው ሰው ወረቀቱን አደራ ይሰጠዋል። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን ላስቲክ ውስጥ ከትቶ አብሮት ቁራጭ ወረቀት ያስቀምጣል። የባለቤቱ ስም፣ ሰፈሩ፣ ቀኑ፤ ከታች ሁልጊዜ እነዚያው ሁለት ቃላት፦ «ሲጠየቅ ይመለሳል»።

ነገ ተክለጻድቅ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል። እሱም የድሮ ወረቀት ሰብሳቢ ነው። ወረቀቶቹ ያሉበትን ሻንጣ እንዳለ ሊወስድ ከእናቷ ጋር በስልክ ተስማምተዋል። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቋል፤ በኋላ ባለቤት ነኝ ባይ የሚመጣበትን ወረቀት አይነካም። እናቷ አስናቀች «ኧረ የለም፣ ሁሉም የባለቤቴ ነው» አለችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ትንሽ ቆማ፣ «ቁራጮቹን አውጪያቸው» አለቻት። ሚስጥርም እሺ አለች። ሰሞኑን ለሁሉም ነገር እሺ ነው መልሷ።

«እና ምን ችግር አለው?» አለች ክብረት። «የነዚህን በስንት ዓመት ማን መጥቶ ጠየቀ? ሁሉም ረስቶታል። አታካብጂ።»

የግቢው በር ተንኳኳ።

በመስኮቱ ሲያዩ አንድ ሽማግሌ ከነጭቃ ጫማቸው ገቡ። ትከሻቸው ላይ ትንሽ ማዳበሪያ ተሸክመዋል። እናቷ ተቀበለቻቸው። በወላይትኛ ነበር የሚነጋገሩት።

«ባዳቾ እባላለሁ፣ ከሻንቶ። መምህሩ አለ?»

እናቷ አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ አልሰሙም እንዴ? አረፈ። አራት ወሩ።»

ሽማግሌው ማዳበሪያውን መሬት ላይ አኖሩ። ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ ሳያፍሩ። ሚስጥር ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አየቻቸው። አባቷን አንድ ጊዜ ብቻ ያገኙት ሰውዬ ያለቅሱለታል፤ የሷ ዓይን ግን ደረቅ ነው። አፈረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር፣ ማፈር።

«የመጣሁትስ» አሉ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ለባለቤቴ ወረቀት ነው። ማንበብና መጻፍ የተማረችበት፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት። እሷም ሚያዝያ ላይ ሄደችብኝ። እሱ ላይ ካለው ሌላ ፎቶ የላትም። ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመቱ፣ ልጆቹ ሁሉ ይመጣሉ፤ የልጅ ልጆቿ መልኳን ይዩ ብዬ ነው።»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት።

«አባባ፣ ያ ሁሉ ወረቀት... በክረምቱ ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ። ምንም አልተረፈም።»

ክብረት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «አሁን ይሄዳሉ።»

እውነትም ሽማግሌው ተነሡ። አልተከራከሩም፣ አልጠየቁም። «ምን ይደረግ» አሉ። «ዝናብ የሰው ጥፋት አይደለ። አንቺን እግዜር ያጽናሽ ልጄ።» ከዚያ ማዳበሪያውን ወደ እናቷ ገፋ አደረጉት። «ቦዬ ነው፣ ከጓሮዬ የቆፈርኩት ሥራሥር። ለመምህሩ ነበር ያመጣሁት። እናንተ ብሉት።»

ሚስጥር ወደ ሻንጣው ዞረች። አርባ አንድ ላስቲክ፣ ሁሉም ስም አልባ። ሽማግሌው የግቢው በር ጋ ሊደርሱ ነው። ዝም ብትል የሚፈልጉት ሻንጣ ውስጥ መሆኑን መቼም አያውቁም፤ ብትወጣ ደግሞ እናቷን በእንግዳ ፊት ውሸታም ማድረጓ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቁራጩ አላስፈለጋትም። አባቷ ወረቀቱን ሊቀበል ሻንቶ ሲሄድ አብራው ሄዳለች፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ዝናብ እየዘነበ ባጃጃቸው ጭቃ ውስጥ ገብታ እሷና አባቷ ከኋላ ገፍተዋል። የሽማግሌው ባለቤት ሁለት ጊዜ እንቢ አሉ። በሦስተኛው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና ወረቀቱን ከሣጥን አወጡት። ላስቲኩን ከሻንጣው አንስታ ስትወጣ ክብረት ክንዷን ያዘቻት፤ ሚስጥር ግን ክንዷን አስለቅቃ በረንዳውን አልፋ ነበር።

«አባባ!»

ሽማግሌው ዞሩ። በላስቲክ ውስጥ ያለውን ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እናቷን አላየችም። አባባ ባዳቾ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም፤ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ማኅተም ግማሽ ፊቷን የሸፈነባትን ወጣት ሴት ግን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እሷ አላመነችውም ነበር እኮ» አሉ። «'ወረቀት የወሰደ ሰው መች ይመልሳል' አለችኝ። እኔ ነኝ ያሳመንኳት። ይመልሳል ብዬ።»

ስለ ዝናቡ ምንም አላሉም። እናቷን አመስግነው፣ ወረቀቱን ከሸሚዛቸው ሥር ከተው ሄዱ።

እናቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሚስጥርም አጠገቧ ተቀመጠች። ቁጣ ነበር የጠበቀችው።

«የዚያ ክፍል በር ጋ ባለፍኩ ቁጥር ውስጥ ያለ ይመስለኛል» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ሻንጣው ከወጣ ይተወኛል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እማ።»

ሚስጥር ተመልሳ ገባች፣ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ገለበጠችው፤ የአባባ ባዳቾን ቁራጭ ፈልጋ አባቷ እንደሚያደርገው «ተመልሷል» ብላ በራሷ ጽሕፈት ቀኑን ጻፈችበት። ከዚያ የቀሩትን ቁራጮች ከላስቲኮቹ ጋር አንድ በአንድ ማመሳሰል ጀመረች። ክብረት ትንሽ ቆማ አየቻትና ከአልጋው ወረደች። «እሺ በቃ፣ እኔ ስም ላንብብልሽ» አለች።

ስም እየተነበበ፣ ሰፈር እየተጠራ፣ ወደ ሃያ ደረሱ። ከዚያ ክብረት ንባቧን አቆመች።

«ሚስጥር፣ ይሄ ያንቺ ነው።»

የአባቷ ቀጭን ጽሕፈት ነው። «ከሚስጥር ሻንቆ። ከቤታችን። የሁለተኛ ክፍል ካርድ። ሲጠየቅ ይመለሳል።»

ከስልሳ አራት ተማሪ ሃያ ሦስተኛ የወጣችበት ካርድ። አፍራ ልትቀደው ስትል አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «እመቤት፣ አደራ ይስጡኝ» ብሏት ነበር። ዛሬ ከጧት ጀምሮ ሳታነብ ስባ ካወጣቻቸው ውስጥ አንዷ ይህች ናት። አመማት። አራት ወር ሙሉ ምንም አሟት አያውቅም ነበር።

ካርዱን ልትወስደው ትችላለች። የሷ ነው፣ መጠየቅ ብቻ ነው። ቁራጩን አጠገቡ አድርጋ ወደ ሻንጣው መለሰችው።

ሊመሽ ሲል የእናቷ ስልክ ጠራ። ተክለጻድቅ ነበር። እናቷ ስልኩን አየችው፣ ሚስጥርን አየቻት፣ ከዚያ ስልኩን ዘረጋችላት።

«ሌሊት ልነሳ ነው» አለ ሰውዬው። «ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው አይደል?»

«ልጃቸው ነኝ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልን፣ አይምጡ። ወረቀቶቹ ባለቤት አላቸው።»

«ባለቤት? ስንቶቹ?»

«ሁሉም» አለች ሚስጥር። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ እንዳይንቀጠቀጥ አልታገለችውም። «አንዱ የኔ ነው።»