ከመርከቡ ስትወርዱ

«ከመርከቡ ስትወርዱ ደግሞ ሹራባችሁን በእጃችሁ ያዙ። የባሕር ነፋስ አይታመንም» አለች እናት፣ ያልተሰፋ የዩኒፎርም ኮሌታ ጭኗ ላይ ዘርግታ።

ጸሐፊዋ «ከመርከቡ ስትወርዱ» ብላ ጻፈችና እርሳሷ ቆመ። ስትወርዱ? ስንወርድ ነው እንጂ! ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናትየው ግን ምንም እንዳልተናገረ ሰው መርፌዋ ላይ ክር እየከተተች ነበር።

ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። ይህ ቤተሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደቡብ አውሮፓ ይሄዳል። መቼም ከበሩ ወጥቶ አይደለም። የቤቱ አባት ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። አምና አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ፍሪጅ ሲሠራ፣ ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ሰጡት። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ከተማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ካላንደሩ በየቅዳሜው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ አራቱም ዙሪያውን ይቀመጡና ጉዞው ይታቀዳል።

ሹመትም አለ። አባት የትራንስፖርት ኃላፊ፣ እናት የሻንጣ ኃላፊ ናቸው። የስምንት ዓመቱ ልጅ አፈ ጉባኤ ነው፤ ብርጭቆውን በማንኪያ ካልመታ ማንም አይናገርም። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ደግሞ ጸሐፊ ናት። ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ያውም እያንዳንዱ ሰው የተናገረውን ቃል በቃል። ይህ ሕግ የመጣው በአባት ጥፋት ነው። ግሪክ ደሴት ላይ ያን ሁሉ ደረጃ የእናትን ሻንጣ እሸከማለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ በሳምንቱ «መቼ ወጣኝ?» ብሎ ካደ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እናት ያን ጊዜ፤ ደብተር እንዲገዛም አስወሰነች።

«ወረቀቱ ደብተሩ ከሆነ፣ ሞኙ ማነው?» ብሎ አባት ሲጠይቅ፣ ሦስቱም በጣታቸው ወደ እሱ ጠቆሙ። እንዲህ የሚሳቅበት ቤት ነበር።

የዚያን ቀን ስብሰባው ሲበተን ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መኝታ ክፍሏ ገባችና ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። የዛሬ ወር እናቷ «ሊዝበን ውስጥ በቢጫዋ ባቡር እንወጣለን፣ መስኮት ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ» ብላለች። ጥሩ። የዛሬ ሁለት ሳምንት «ቬኒስ ስትገቡ ጫማችሁ እንዳይረጥብ» ብላለች። ስትገቡ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «አባታችሁ ሸሚዝ መተኮስ ይማር፤ ዕድሜ ልኩን ሰው አይተኩስለትም» ብላለች። እሱን ስትናገር ሁሉም ስቀው ነበር፤ ጸሐፊዋ ራሷ ቅንፍ ከፍታ «ሳቅ» ብላ ጽፋለች። ዛሬ ስትወርዱ።

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እናቷ «እኛ» አላለችም። አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ የሚባለው ነገር ከፈተና ውጭ ለምንም የሚጠቅም መስሏት አያውቅም ነበር። አሁን ግን ያቺን «ት» ፊደል ደጋግማ በጣቷ ነካቻት። ፈራች። ምን እንደምትፈራ እንኳ ገና አላወቀችም።

ተነሥታ ሳሎን ሄደች። እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት።

«እማዬ፣ አንቺ አትሄጅም እንዴ?»

«የት?»

«ግሪክ።»

«እንዴ! ማን ሄዶ ማን ሊቀር! እኔ ከሌለሁ አባትሽ ካልሲውን ያገኛል?» አለችና ሳቀች።

ልጅቷ አልሳቀችም። ደብተሩን መኪናው ላይ ዘረጋችና ሦስቱን መስመሮች በጣቷ አንድ በአንድ አሳየቻት። እናቷ አነበበች። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። ከዚያ ሄዳ በሩን ገጠም አደረገችና የመኪናዋን መሳቢያ ከፍታ ከልብስ ቁልፎቹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

የሐኪም ቤት ወረቀት ነው። «ውጤት መቀበያ» ይላል። የተጻፈበት የቀጠሮ ቀን ካለፈ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

«ጡቴ ላይ ትንሽ እብጠት አገኘሁ» አለች እናት ቀስ ብላ። «በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ደርሷል ብለው ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«አልሄድኩማ።»

«ለምን?»

«ፈራኋ!» አለች እናት። «ምን ላድርግ? ካልሰማሁት ምንም እንደሌለብኝ ነው። ስፌቴን እሰፋለሁ፣ እናንተን አያለሁ። አንዴ ከሰማሁት ግን አለቀ።»

ልጅቷ እናቷ «ፈራሁ» ስትል ሰምታ አታውቅም። የጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

«ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ሰኞ እኔው እሄዳለሁ። ማይልኝ!»

«እናቴ ት...»

አፏ የለመደውን ሊናገር ሄዶ መሃል ላይ ቀጥ አለ። በየክፍሉ፣ በየመንገዱ፣ ለእርሳስም ለኳስም በቀን አርባ ጊዜ የምትምልበት መሐላ ነው። እናቴ ትሙት። ሁለቱም ያልወጣውን ቃል ሰሙት። መጀመሪያ ዓይኗን የሰበረችው እናት ናት።

«ተይው፣ አትማዪ» አለች። «ዝም ብለሽ እሺ በይኝ።»

«እሺ።»

ሰኞ መጣና ሄደ። የእናት ሰኞ መቼም የታወቀ ነው፤ «ከሰኞ ጀምሮ በእግሬ እሄዳለሁ» ካለች ሁለት ዓመት አልፏታል። የዩኒፎርም ሥራ ተደራርቦባታል፣ ራሷን አሟታል፣ ነገ ትሄዳለች። ማክሰኞም እንደዚያው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ተቀምጣ የአስተማሪው አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የሚለው አይገባትም።

«እናቴ ትሙት ምንም አላጠናሁም!» አለች አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ።

«አትበይ!»

«ምን?»

«እንደዚያ ብለሽ አትማዪ።»

«አቦ አትጨናነቂ! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ምን ትበላት? የሆዷን ሆዷ ይዞ ቀረ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ መታጠፊያው ጋ ቆም ብላ ታዳምጣለች። የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል። ታካ ታካ ታካ ካለ እናቷ አለች፤ ትንፋሿ ይመለሳል። ሐሙስ ቀን ድምፅ የለም። ትንሽ ጠበቀች። የለም። ቦርሳዋ ጀርባዋን እየደበደባት ሮጠች፤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እናቷ መሬት ላይ ተንበርክካ የወደቀ ቁልፍ ትፈልጋለች።

«ምነው? ውሻ አባረረሽ?»

«እ... አዎ» አለችና መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

አርብ ማታ ደብተሩን አወጣች። ነገ ስብሰባው የሚጀምረው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ ነው። በእርሳስ ነው የጻፈችው፤ ጥቂት ፊደል ብታጠፋ «ስትወርዱ» «ስንወርድ» ይሆናል። ማንም አያውቅም። እሺም ብላለች። ላጲሱን ቃሉ ላይ አሳረፈችው። ይህን ካጠፋች ቬኒስንም ማጥፋት አለባት፣ የሸሚዙንም። ከዚያ ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ የሚነገረውን። ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችውና ተኛች፤ ማለትም ጋደም አለች።

ቅዳሜ አፈ ጉባኤው ብርጭቆውን ሊሰብረው እስኪደርስ መታው። «ስብሰባው ተከፍቷል! ያለፈው ይነበብ!»

እናት ኮሌታዋን ያዘች፤ ዓይኗ ግን ልጇ ላይ ነው። እባክሽ የሚል ዓይን ነው። ልጅቷ አንዴ አየቻትና ወደ ደብተሩ አቀረቀረች። ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ከመርከቡ ስትወርዱ ደግሞ ሹራባችሁን በእጃችሁ ያዙ። የባሕር ነፋስ አይታመንም። የሻንጣ ኃላፊ።›»

«እሺ፣ ተመዝግቧል» አለ አባት ፈገግ ብሎ።

«አላበቃሁም» አለች። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። «‹አባታችሁ ሸሚዝ መተኮስ ይማር፤ ዕድሜ ልኩን ሰው አይተኩስለትም።›» ድጋሚ ገለጠች። «‹ቬኒስ ስትገቡ ጫማችሁ እንዳይረጥብ።›»

«ይሄማ ድሮ ተነብቧል!» አለ አፈ ጉባኤው። «ሥነ ሥርዓት!»

አባት ግን ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። «እስቲ የመጀመሪያውን ድገሚው።»

ደገመችው። አባት ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እኛ ስንወርድ አንቺ የት ነሽ?»

እናት ኮሌታውን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ትንሹን ልጅ «ሂድ ውጭ ተጫወት» አለችው፤ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። አባት እየሰማ ካላንደሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር፤ ወረቀቱ ተጨማደደ።

«በሽታውን የደበቀ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ተነሥቶ አጠገቧ ሄደ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቷን ያዘ። «እብድ» አላት። «ብቻሽን እንዲህ ትሆኛለሽ?»

እናት በእንባዋ መሃል ወደ ልጇ ዞረች። «እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«አልማልኩም» አለች ልጅቷ።

በማግሥቱ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አራቱም ሐኪም ቤት ነበሩ። ትንሹን «የእማዬን መነጽር ልናሠራ ነው» ብለውት ቤት ቅር ቢባል እምቢ ብሎ ተከተላቸው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች በሙሉ ሰው ይዟቸዋል፤ ሰው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚያወራው። ነርሷ በር ከፍታ ቁጥር ጠራች።

«አብሮ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እናት ወደ ባሏም ወደ ልጇም አየች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ልጅቷ አባቷን ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ገፋ አደረገችው። ገቡ። በሩ ተዘጋ።

አንድ ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። ልጅቷ እናቷ የለቀቀችው ወንበር ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ቶሎ ከወጡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ከዘገዩስ? የምትጠይቀው ሰው የላትም። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው።

«አንቺ» አላት ወንድሟ።

«እ?»

«መነጽር ለማሠራት እንደዚህ ይለቀሳል?» ወደ ወዲያኛው ጥግ በአገጩ ጠቆመ፤ አንዲት ሴትዮ በነጠላ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። «አባዬም ጠዋት ጫማ ሲያስር ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ጉንፋን ይዞት ነው። ሴትዮዋን አናውቃትም። መነጽሩ ሲያልቅ ከረሜላ እንገዛለን። እንዲህ ብትለው ያምናታል፤ ሁልጊዜ ያምናታል።

«መነጽር አይደለም» አለችው።

ልጁ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ተጠጋና ልንገርህ። ሁሉንም ግን አላውቀውም። እኔም ፈርቻለሁ።»

«እሺ» አለ። «መጀመሪያ እጄን ያዢኝ።»

እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ ያዘችው፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።