ሰው አልወጣም

ይኼ ነገር የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። "የጓደኛዬ ጓደኛ እንደነገረኝ" ምናምን የለበትም።

የምታምኑ እመኑ። የማታምኑትንም አልቀየማችሁም... እኔም በሌላው ላይ ሲደርስ አላመንኩም ነበር። ጉዱም የጀመረው ከዚያ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ። ውጭው አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ መብራቱም እንደበራ። አስፈሪ ነገር የግድ ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት በሌለው ረጅም ክፍል ውስጥ፣ በሰባት የብረት መደርደሪያና በክር በታሰሩ ፋይሎች መሀል። በሩ ብረት ሆኖ ከላይ መዳፍ የምታህል መስታወት አለችው።

ይኼ በር አንድ ክፉ ዓመል አለው... ከተዘጋ ከውስጥ አይከፈትም። ቁልፉ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። "ይጠገንልን" ብለን የጻፍነው ደብዳቤ ራሱ እዚያው ክፍል ውስጥ ፋይል ሆኖ ተቀምጧል።

ስለዚህ ሕግ አለን። የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ በሩ ሥር ጡብ ያደርጋል። አለቃም ሆነ ጽዳት፣ ጡብ ሳያደርግ አይገባም።

ጡቡን ያዙልኝ።

ከሥራ ውጪ አንድ ሱስ አለብኝ፤ የጦርነት ጌም። የራሳችሁን ካርታ፣ የራሳችሁን መሣሪያና የደንብ ልብስ ሠርታችሁ የምትጨምሩበት ዓይነት ነው። የምንጨምረውን ነገር ሞድ እንለዋለን። በሰው ማላገጥም ሞድ መያዝ ነው። እኛ ተጫዋቾቹ በስልክ የምንጻጻፍበት ግሩፕ ውስጥ ሁለቱም በገፍ አለ።

በአካል አንተዋወቅም። ማን የት ከተማ እንደሚኖር እንኳ ጠይቀን አናውቅም። ወሬያችን ግን ቀኑን ሙሉ አያልቅም።

"ይኼ ጠመንጃ ጥይት እስኪጎርስ ልጅ ተወልዶ ጥርስ ያበቅላል" ይላሉ ጋሽ ታንክ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ከታንክ ሌላ ነገር አይነዱም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከታንክዎ አይውረዱ፤ ጠመንጃውን ለእኛ ይተዉልን" እላቸዋለሁ እኔ።

ሲስተር የምንላት ደግሞ ነርስ ናት። የቆሰለ ወታደር ፋሻው ያለቦታው ተጠምጥሞ ካየች ስትነዘንዘን ትውላለች። እኔን ሁሉም "መዝገቡ" ይሉኛል።

ማን ጨዋታ እንደገባና እንደወጣ በራሷ እየጻፈች የምታሳውቅ ቦትም አለችን። "ጋሽ ታንክ ገብቷል" ስትል እሳቸው "አንቱታ ያላስተማሯት!" ብለው ይቆጣሉ።

የእኔ ሞድ ካርታ ነበር። የራሴን መሥሪያ ቤት ሠራሁት።

በሜትር ለክቼ፣ የመደርደሪያውን ዝገት ሳይቀር አስገባሁ። በር ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤቱን ስም ጻፍኩ። የወታደሮቹን የእግር ኮቴ እንኳ የቀረጽኩት ከገዛ ጫማዬ ነው። ግራ ጫማዬ ሲረገጥ ሲጥ ይላል... ወታደሮቹም ሁሉ ሲጥ እያሉ ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። ጡቡን።

ዓይኔ ስለለመደው አላየሁትም። በሩን ከነዓመሉ ሠርቼ ጡቡን ተውኩት፤ ካርታው ላይ ደግሞ አንዴ ከተዘጋ ከውጭም አይከፈትም።

ካርታው በወጣ በመጀመሪያው ቀን አንድ አዲስ ተጫዋች መጣ። ለራሱ ያወጣው ስም «ሰው» ነው። ቦቷ "ሰው ገብቷል" አለች። ተሳሳቅን።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጻፈልን።

"መዝገብ ቤቱ በር አይከፈትም።"

ከዚያ... "አውጡኝ።"

ከዚያ... "ሰው የለም?"

"ሰውማ አንተ ነህ!" አሉት ጋሽ ታንክ። ግሩፑ በሳቅ አለቀ።

"ጨዋታውን ዝጋና ውጣ" አለው ሌላው።

"እንዴት?" ብሎ መለሰ።

እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ?

"ሞድ አትያዝ።"

ሦስት ቀን "አውጡኝ" አለ። እኛ ሦስት ቀን ሳቅን። በአራተኛው ዝም አለ። ቦቷ ግን "ሰው ወጥቷል" አላለችም።

ሲስተር ለብቻዬ ጻፈችልኝ። "መዝገቡ፣ ለምን በሩን አታስተካክልለትም?"

"ነገ" አልኳት።

አንድ ጡብ ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ... ካርታዬ ታዋቂ የሆነው በእሱ ነው። ከየትም እየመጡ በመስታወቷ ያዩታል። ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ወታደር... ቀን አይነሳ፣ ማታ አይነሳ። "የመዝገቡ ካርታ" ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ለዚያ ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ወደ ቅዳሜዋ እንምጣ።

ሰኞ ጠዋት የሚፈለግ አንድ ፋይል ነበርና ቢሮ ገባሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ "በዕረፍት ቀንህ አቧራ ልትስብ!" ብላ ትቆጣለች። አስም አለብኝ። መድኃኒቴን፣ ያቺን በአፍ የምትሳበዋን፣ ከስልኬ ጋር ላይኛው ፎቅ ያለው ጠረጴዛዬ ላይ ተውኳት። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነው። በእጄ የያዝኩት ፋይል የምንመዘግብበትን የቢሮ ታብሌት ብቻ ነው። ሲም ካርድ የለውም፤ በቢሮው ዋይፋይ ነው የሚሠራው። ግሩፑን ተደብቄ ጭኜበታለሁ፤ ሌላ የምጽፍለት ሰው የለበትም።

ጡቡን አደረግሁ። በእግሬ ገፋ አድርጌም ሞከርኩት። ጠንካራ ነው።

ሦስተኛው መደርደሪያ ጋ ቆሜ ፋይሉን ስፈልግ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ።

ጠብ... ሲጥ። ጠብ... ሲጥ።

ግራ እግር።

ወደ ጫማዬ አየሁ። ቆሜያለሁ። አልተንቀሳቀስኩም።

ኮቴው በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ከዚያ ጡብ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ተሰማኝ... በዝግታ...

"ኧረ ሰው አለሁ!" ብዬ ሮጥኩ።

በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ።

በመስታወቷ አየሁ። ኮሪደሩ ባዶ ነው።

ደበደብኩ። ጮኽኩ። የሚሰማኝ የለም። ዘበኛው ያለው ግቢው በር ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥቶ ዋናውን በር ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ ማንም አይመጣም። ደረቴ ደግሞ ሲር... ሲር... ማለት ጀምሯል። ያለዚያች መድኃኒት ሰኞን እንደማላይ አውቃለሁ።

ታብሌቱን ከፈትኩ። "መዝገብ ቤት ተቆልፎብኛል። የእውነት ነው። አውጡኝ።"

ሳቁ ወረደ።

"አሁን ደግሞ ተራው የአንተ ሆነ?" አሉ ጋሽ ታንክ።

"ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ቀልድ አይደለም!" የመሥሪያ ቤቱን ስም ጻፍኩላቸው። አድራሻውን፣ ሕንጻውን፣ ምድር ቤቱን ጻፍኩ።

"ይኼማ ካርታው ላይ ያለው ስም ነው እኮ!"

እውነት ነው። እውነቱን በሙሉ አስቀድሜ ጨዋታ አድርጌዋለሁ። የእናቴን ቁጥር ልስጣቸው ብል በቃሌ አላውቀውም፤ ስልኬ ነው የሚያውቀው።

"ትንፋሽ እያጠረኝ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

አንዱ መለሰ፦ "ሞድ አትያዝ።"

ያኔ ገባኝ... «ሰው» ሦስት ቀን ምን እንደተሰማው። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሲስተር መጣች። "መዝገቡ፣ አሁን ካርታህ ላይ ነኝ። በመስታወቷ እያየሁህ ነው። በሩ ሥር ተቀምጠሃል።"

"እኔ ጨዋታው ውስጥ የለሁም። ታብሌቱ ጨዋታ አይከፍትም።"

"አለህ እንጂ። ሹራብህ ቡናማ ነው። በጉልበትህ ላይ አጎንብሰሃል።"

ሹራቤ ቡናማ ነው። አጎንብሻለሁ።

"ቆይ..." አለች። "ሁለት ናችሁ።"

"ማን?"

"«ሰው» ከመደርደሪያው ጀርባ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተነስቶ አያውቅም..."

"የት ነው ያለው?"

ሲስተር እየጻፈች መሆኑ ይታያል። ታቆማለች። ደግማ ትጽፋለች።

"ከጎንህ ተቀመጠ።"

ዞር አልኩ። ማንም የለም። ባዶ ሲሚንቶ፣ የመደርደሪያ እግር፣ የእኔ ፋይል።

የሚሰማው የደረቴ ድምፅ ብቻ ነው። ሲር... ሲር...

ትንፋሼን ያዝኩ።

ሲርታው አልቆመም።

ጻፍኩላት። "ሲስተር፣ በናትሽ። እንድትሞክሪው የላክሁልሽ የካርታው ፋይል አንቺ ጋ አለ። ክፈቺውና በሩ ሥር ጡብ አድርጊ።"

"አሁን?"

"አሁን። ነገ አትበዪኝ።"

አልሳቀችም። "ካደረግሁልህ ለእሱም ነው" አለች። "እሱንም አብሬ ነው የማስወጣው።"

"አስወጪው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" አልኳት። ተረቱን ያስታወስኩት የራሴ መድኃኒት ሲርቀኝ ነው፤ ታዘቡኝ።

አምስት ደቂቃ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ዓይኔ ፊት ጥቁር ነገር መዋኘት ጀመረ።

"አደረግሁ" አለች።

ውጭ ጡብ ሲጎተት ተሰማኝ... በዝግታ...

በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተ።

ከአጠገቤ የሆነ ነገር ተነሳ። በጉልበቴ ላይ ተሻግሮ ሄደ፤ የሱሪዬ ጨርቅ ሲነካ ተሰምቶኛል። ጠብ... ሲጥ። ጠብ... ሲጥ። በኮሪደሩ፣ በደረጃው፣ ወደ ላይ።

ታብሌቱ ላይ ቦቷ ጻፈች።

"ሰው ወጥቷል።"

ወዲያው ከሥሩ... "መዝገቡ ገብቷል።"

ቆሜ አላነበብኩትም። እየተሳብኩ ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ጋ ደርሼ መድኃኒቴን ሳብኩ። ነፍስ ዘራሁ።

ዋናው በር ላይ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ አገኘኝ። አየኝና ፊቱ ተለወጠ።

"አንተ... አሁን ወጥተህ አልነበር እንዴ?"

"እኔ?"

"ሰላም ብዬህ ዝም ብለኸኝ ሄድክ እኮ! ዛሬ ምን ነካው ብዬ ነበር።"

ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሲስተር ለብቻዬ ጻፈችልኝ። "መዝገቡ፣ ለምን አትወጣም? ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ ተቀምጠሃል።"

"ወጥቻለሁ። ቤቴ ነኝ። ከእናቴ ጋር ነኝ።"

"እንግዲያ ይኼ ማነው? ቡናማ ሹራብ የለበሰው?"

"ጡቡን አድርጊለት" አልኳት።

"ሌሊቱን አራት ጊዜ አደረግሁ። አድርጌ ስመለስ አጣዋለሁ። የሆነ ሰው ያነሳዋል።"

ጨዋታውን ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት። ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ግን በየቀኑ ስምንት ከሩብ ሲሆን ደረቴን ይጨንቀኛል፤ አደባባይ መሀል ቆሜ እንኳ ግድግዳ የከበበኝ ያህል ያፍነኛል። እናቴ "አቧራው ነው" ትላለች። እሺ እላታለሁ።

ትናንት ስምንት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። ግሩፑ ነው።

በእኔ ስም፣ እኔ ያልጻፍኩት ጽሑፍ ገብቷል።

"ሰው የለም?"

የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ አንዱ መጻፍ ጀመረ... ቆመ... ደግሞ ጀመረ።

«ሰው» ነው።

"ሞድ አትያዝ" አለው።