የሉባባ የዘር ቆርቆሮ

ሉባባ ዓርብ ጧት ከአበባ መደቧ ሥር ተደፍታ ተገኘች። በቀኝ እጇ ሦስት ጥቁር የዘር ፍሬዎች ጨብጣ ነበር፤ ከራስጌዋ ግማሹ የተጠጣ የማንጎ ጭማቂ ብርጭቆ ቆሟል። ጎረቤቶች ገልብጠው ውሃ ሲረጩባት ጥቂት አቃሰተች፣ ከዚያ አበቃ። ብርጭቆውን የሰጠቻት ምራቷ ኑርሀን ነበረች። በኬንያ በኩል ላለው የሞያሌ ሰፈር ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ፖሊስ ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቆ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ኑርሀንን ወሰዷት። የአራት ወር ልጇን ከጡቷ አላቅቃ ለጎረቤቷ ለሌንሳ አስታቀፈችና ወደ መኪናው ገባች። አሥር ሰዓት ላይ ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ወደ ማርሳቢት ትወሰዳለች ተባለ።

ሙሐረም የሉባባ አንድያ ልጅ፣ የኑርሀንም ባል ነው። ቦሎቄ ከኢትዮጵያ በኩል እያስገባ ይሸጣል፤ ከወሩ ሃያውን ቀን የሚያድረው ሎሪ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ሲመለስ ለእናቱ ጫማ ገዝቶ፣ የውሃ ታንከሯን ክዳን ጠግኖ፣ ነቀዝ የገባበትን የዘር ቆርቆሮዋን አጽድቶላት ነበር። እሷ ለቅሶ ቤት ስለዋለች ይህን ሁሉ ሲሠራ አላየችውም፣ እሱም አልነገራትም። ዓመቱን ሙሉ የጠፋ ልጅ በአንድ ከሰዓት ሊካስ ሲፈልግ እንዲህ ነው።

አሁን ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሬሳው በከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶበት ይቀበራል። እናቱ አፈር ከገባች ምን ማስረጃ ይቀራል? ሚስቱ ያንን መንገድ ከወረደች ማን ይመልሳታል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሙሐረም ግን እስኪያድር የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም።

ኢንስፔክተር ዳሃቦ ሞሉ ስትመጣ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አጭር፣ ረጋ ያለች፣ አርባዎቹን የተሻገረች የጎዶማ መንደር ሴት ናት። አባቷ የከብት ነጋዴ ስለነበር አማርኛን የለመደችው ከገበያ ነው፤ ቃላቱን በበረት በር እንደሚያልፍ ከብት አንድ በአንድ ታሳልፋቸዋለች።

«ፖሌ ሳና፣ አይዞህ ወንድሜ። አላህ ይርሐማት» አለችው። «ከጣቢያ ነው የመጣሁት። ሚስትህን አነጋግሬያታለሁ። እሷ ናት ይላሉ፤ አንተስ?»

«አይደለችም።»

«ታውቃለህ ወይስ ትመኛለህ?»

 ትናንት ማታ አማትና ምራት በውሃ ተጣልተው ነበር። «የልጄ ጨርቅ ሳይታጠብ አበባ ጠግቦ ይጠጣል» ብላ ኑርሀን ጀሪካኑን መሬት ላይ ጥላዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ሙሐረምም ሰምቷል፣ ጧትም ትዝ ብሎታል።

«ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ?» አለች ዳሃቦ።

«መጋዘን ውስጥ አለ። የቦሎቄ ነው።»

«ቁልፉ ከማን ጋር ነው?»

«ከእኔና ከኑርሀን ጋር» አለና ምላሱን ነከሰ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አሁን አንዱን ምሳር በገዛ እጁ በሚስቱ ላይ አነሳ።

ዳሃቦ ወደ አበባው መደብ ሄዳ ቁጢጥ አለች፣ በጣቷ ከጉድጓዶቹ አንዱን ከፍታ ውስጡ ያለውን ዘር አወጣች፣ ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው። ከዚያ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን የሉባባን የዘር ቆርቆሮ ከፈተች። ውስጡ የተቋጠሩ ትናንሽ ጨርቆች ሞልተውታል። አንገቷን ደፍታ ቋጠሮዎቹን አገላበጠች።

«እናትህ ስትዘራ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው ቀና ሳትል።

«እኔ የመንገድ ሰው ነኝ። አበባውን የማየው ሲያብብ ነው፤ እሱንም ከደረስኩ።»

ሉባባ ዘር የምትለዋወጠው ከሦስት ሰዎች ጋር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ዚኒያ፣ ማሪጎልድ፣ ሰማያዊ ሐረግ፣ ያላቸውን በጨርቅ ቋጥረው ያመጣሉ፣ የሌላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ዳሃቦ ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

ሀቢቦ በአጥር የምትዋሰን ሽማግሌ ጎረቤት ናት። ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ሦስት ዓመት ለመንኳት፤ ነጩን ድርብ ዚኒያ አልሰጠችኝም። አቃጥላኛለች፣ አልዋሽም። ግን ሰው በአበባ ሰው አይገድልም።»

«ዛሬ ጧት ምን ሰሙ፣ እማማ?»

«‹ኑርሀን፣ አፌን መረረኝ፣ የሚጠጣ ነገር አምጪልኝ› ስትል ሰማሁ። ያቺ ደግሞ አመጣችላት። ከዚያ በኋላማ ድምጿን አልሰማሁም። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሰፈሩ ‹ምዜ›፣ አባባ፣ እያለ የሚጠራው ጄምስ ጡረታ የወጣ የጤና ረዳት ነው፤ ከሜሩ መጥቶ እዚሁ አግብቶ ቀርቷል። ሉባባ ስትሞት እጇን ይዞ ነበር።

«የዓይኗ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ምራቋ ይዝረበረባል፣ ልብሷ በላብ ርሷል። የተባይ መድኃኒት ነው፣ ክዌሊ፣ እውነቴን ነው። ልቧም ድሮውኑ ደካማ ነው፤ ትንሽ ይበቃታል።»

«ምዜ ጄምስ፣ ሉባባ የምትዘራው እንዴት ነበር?»

ሽማግሌው በኀዘኑ መሀል ፈገግ አለ። «ያን መጥፎ አመል ነው የምትጠይቂኝ? በእሱ እንኳ ስንቴ ተጨቃጭቀናል።»

አመሉ ምን እንደሆነ የነገረቻቸው ሌንሳ ናት። ሌንሳ ልብስ ሰፊ ናት፤ የዘሩን መቋጠሪያ ጨርቅ የምታመጣው እሷ ነች። የኑርሀንን ልጅ ታቅፋ መጣች። ሕፃኑ የጡጦውን ወተት እየተፋ ድምጹ እስኪዘጋ ያለቅሳል።

«የሰማያዊው ሐረግ ዘር እንደ ጠጠር ነው» አለች። «ልጣጩ ካልተጫረ ውሃ አያስገባም፣ አይበቅልም። እኔ በመቀስ እነካዋለሁ፣ ምዜ ጄምስ በጥፍር መቁረጫ። ሉባባ ግን እያንዳንዷን በጥርሷ ነበር የምትነክሰው። ጥርስሽ ይሰበራል እያልን ስንነግራት ‹ዘር የሰው ምራቅ ካልነካው አያውቅሽም› ትላለች።»

ሙሐረም ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።  ሕፃኑ ሲጮህበት ተቀብሎ አቀፈውና እየዞረ ሊያባብለው ሞከረ። የእናቱን ደረት የሚፈልግ አፍ የአባቱን ሸሚዝ ያዘና ጠባ፣ ከዚያ ብሶበት አለቀሰ፤ ሌንሳ መልሳ ወሰደችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዳሃቦ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ታጥቦ ተከፍኗል፤ ቀባሪዎቹ ቃሬዛውን ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«መጀመሪያ ማንጎውን እንጣለው» አለች። «እማማ ሀቢቦ፣ ሉባባ አፌን መረረኝ ያለችው ጭማቂው ሳይመጣ ነው። ትክክል?»

ሀቢቦ አሰበች። «ሳይመጣ ነው።»

«እንግዲህ ምሬቱ ከጭማቂው በፊት አፏ ውስጥ ነበር። ኑርሀን ያመጣችው አፍ ማጠቢያ ነው፤ ዘግይቶ ደረሰ። ከዚያ በፊት አፏ የገባው ምንድን ነው? ዛሬ ጧት ሃያ ሁለት ጉድጓድ ዘርታለች። ያወጣሁት ዘር ላይ ጥርስ አለ። እጇ ላይ የቀሩት ሦስቱም ተነክሰዋል።»

ከቆርቆሮው አንድ ጨርቅ ፈትታ ዘረጋች። ጥቁሮቹ ፍሬዎች ግራጫ ዱቄት ለብሰዋል።

«አመድ ነው» አለች ሌንሳ። «ነቀዝ እንዳይበላው ሁላችንም አመድ እናደርጋለን።»

«ሉባባም አመድ መስሏታል። እኔም መስሎኝ ነበር።» ዳሃቦ ቆርቆሮውን አዘነበለችው። ከሥሩ አንድ እፍኝ የሚሞላ የሞተ ጉንዳን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «አመድ ጉንዳን ያሸሻል እንጂ አይገድልም። ይህ የእህል መድኃኒት ነው። ትናንት ከሉባባ ዘር የወሰዳችሁ ከቋጠሮው እንዳታወጡት።»

ጄምስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሙሐረም የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ዱቄቱን አወቀው።

«ማን አደረገው ትሉኛላችሁ» ብላ ቀጠለች። «ትናንት ያመጣችሁላት አራት ቋጠሮዎች ንጹሕ ናቸው። የቀሩት አሥራ ስድስቱ ግን አንድ ሳይቀር ዱቄቱ አለባቸው። ስለዚህ የተነሰነሰው ከትናንቱ ስብሰባ በፊት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። አሁን አስቡት። ሉባባን መግደል የፈለገ ሰው የምትነክሰውን አንዱን ዘር ይመርዛል። ይህ ሰው ግን የማትነክሰውን ዚኒያ ነካ፣ ማሪጎልዱን ነካ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ብላ የለየችውንም ነካ። መግደል አልፈለገም። ዘሩን ከነቀዝ ሊያድንላት ነው የፈለገው።»

«ረቡዕ ዕለት ጠይቃኝ ነበር» አለች ሀቢቦ ድንገት። «‹ዘሬን አመድ የነሰነሰልኝ ማነው? እጁ ይባረክ› አለችኝ። እኔ አይደለሁም አልኳት።»

 ዳሃቦ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከእናንተ ማንም ቢሆን ለደግነት ብሎ ይህን አያደርግም፤ በጥርሷ እንደምትነክስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኑርሀንም ታውቃለች። ጣቢያ ስጠይቃት ‹ጥርሷን ተይ እያልኩ አንድ ዓመት ለመንኳት› ብላ ነው ያለቀሰችው። ይህን የማያውቀው ከዚች ሴት ጋር አንድም ቀን መደቡ ዳር ያልተቀመጠ ሰው ነው። ሌላም አለ። ሌንሳ፣ አንቺ እንዴት ነው የምትቋጥሪው?»

«አበባ አድርጌ፣ በቀላሉ እንዲፈታ።»

«እነዚህ አሥራ ስድስቱ ተፈትተው ዳግመኛ ታስረዋል፤ ሁሉም በአንድ እጅ፣ ኬሻ የሚያስሩ ሰዎች በሚያስሩት ቋጠሮ። ሲጎትቱት የሚጠብቀው።»

ማንንም አላየችም። ሌሎቹም መጀመሪያ ማንን እንደሚያዩ አላወቁም።

«ያየ ሰው የለም» አለች። «እኔ ያለኝ ቋጠሮና ጉንዳን ነው። በዚህ ብቻ ኑርሀንን ላስቀራት አልችልም። ሰውየው ራሱ አፉን ከፍቶ መናገር አለበት።»

ሙሐረም ዝም ማለት እንደሚቻል ገብቶታል። ዛሬ ዝም ካለ የምታውቅበት ይህች ሴት ብቻ ናት፤ ማስረጃ ደግሞ የላትም። ከተናገረ ግን ከዚህ እስከ ዋልዳ፣ ከዋልዳ እስከ ማርሳቢት፣ በየገበያው እናቱን የገደለው ሙሐረም ይባላል። ዘመዶች ይሰማሉ። ልጁ አድጎ ይሰማል። በዚያ በኩል ደግሞ የታሰረች ሚስት አለች፣ እዚህ የሚጮህ ሕፃን አለ። እናቱን አሰበ፤ እጁ ይባረክ ያለችውን። እንዲህ ዓይነት ስቃይ ሰው ላይ ሊደርስ እንደሚችል እስከዛሬ አያውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።  «እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ከመጋዘን ወስጄ ነሰነስኩበት። ለቦሎቄው እንደማደርገው። ዘር አይበላም ብዬ ነው። በጥርሷ እንደምትነክስ… አላውቅም ነበር።»

ሀቢቦ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጄምስ ራሱን ነቀነቀ። ሌንሳ ሕፃኑን ከትከሻዋ አውርዳ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ዳሃቦ ስልኳን አውጥታ ወደ ጣቢያ ደወለች፣ በስዋሂሊ አጭር ነገር ተናገረች። ከዚያ ወደ ሙሐረም ዞረች።

«ሚስትህ ትመጣለች። ከቀብር በኋላ አብረን ሄደን ቃልህን ትሰጣለህ፤ ሌላውን ዳኛ ያየዋል። ከዚህ የበለጠ ላደርግልህ የምችለው የለም፣ ወንድሜ።»

ኑርሀን ስትደርስ ለዐስር ሶላት ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበር። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል። ማንም ሰላም ሊላት ድፍረት አላገኘም። እሷም ማንንም ሳታይ ሕፃኑን ከሌንሳ ተቀበለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አጠባችው። ለቅሶው ሲቆም ሙሐረም ቀረባት።

«እኔ ነኝ» አላት። «ዘሯን መድኃኒት የነሰነስኩት እኔ ነኝ።»

«መንገድ ላይ ነገሩኝ።» አልዞረችም። «ጧት መኪና ውስጥ ስገባ አየኸኝ፣ አንድ ቃል አልተናገርክም። አምነሃቸው ነበር?»

«አዎ» አለ። ለመዋሸት ጉልበት አልቀረውም።

ኑርሀን ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው። እሱም ቆሞ ጠበቀ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፣ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ሂድ፣ እናትህን ቅበር» አለችው በመጨረሻ። «የምጠብቅህ ከሆነ ስትመለስ ታየዋለህ።»

ቀባሪዎቹ ቃሬዛውን ሲያነሱ ለልጁ የራስጌውን ቦታ ለቀቁለት። ሙሐረም ትከሻውን ከሥር አስገባና አብሯቸው ወጣ።