የመሃሉ ውኃ

«ጣቶቼ አልሰበሰብ አሉኝ።»

ደረቋ ይህን ያለችው የጀልባውን ጠርዝ በክንዷ እንዳቀፈች፣ ግማሽ አካሏ ገና ውኃ ውስጥ እያለ ነው። ታላቅ እህቷ መቅዘፊያውን ጥላ በብብቷ ሥር እጇን አስገብታ ሳበቻትና ጀልባው ወለል ላይ እንደ ትልቅ ዓሣ ዘረገፈቻት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደረቋ ግን ጥርሷ እየተንገጫገጨ እጇን ለመጨበጥ ትታገላለች፤ ጣቶቿ የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ ብለዋታል።

ደረቋ የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ገና በልጅነቷ አንዴ እምቢ ካለች ንቅንቅ ስለማትል። በኋላ የዋና ቡድን ገብታ ከሁሉም ፈጣን ስትሆን ስሙ መቀለጃ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ውላ ደረቅ የምትባል እሷ ብቻ ናት ይሏታል።

እህትየዋ በግድቡ ሐይቅ ላይ ጀልባ ታከራያለች። ዓሣ አጥማጆች እየጠየቁ ስለሚያስቸግሯት ከጀልባዋ ጎን ቴርሞሜትር በገመድ አስራ ታንጠለጥላለች። ጎትታ አወጣችውና አየችው፤ አሥራ ሦስት ዲግሪ። ዳር ላይ ሲነሡ ሃያ ሁለት ብሎ ነበር።

«እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይሄንን ነው» አለች፤ ፎጣውን እየወረወረችላት። «ነገ እዚህ ድረስ ነው የምትዋኙት?»

«ከዚህም አልፈን። እስከ ወዲያኛው ዳር።»

የብርዱ ወራት ካለፈ ብዙም አልቆየም። ዳር ዳሩ ጥልቀት ስለሌለው ትንሽ ፀሐይ ሲያገኝ ለብ ይላል፤ እግሩን የነከረ ሁሉ «ሞቋል» እያለ ይመለሳል። መሃሉ ግን ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ወንዝ ይፈስበት የነበረ ገደል ነው። ላዩ ስስ ሙቀት ይለብሳል እንጂ ከሥሩ ብርዱን እንዳቀፈ ይከርማል። ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ ያችኑ ስስ ሙቀት ገፎ ወደ ዳር ይነዳታል። ሐይቁን አቋርጦ የመዋኘቱ ቀን ሁልጊዜ ውኃው እስከ ውስጡ ሲሞቅ ነበር የሚደረገው። ዘንድሮ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቀኑ ወደፊት ተሳበ።

ደረቋ ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትቀይር ወደ አሠልጣኙ ክፍል ሄደች። ክፍሉ እርጥብ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ፊሽካዎችና የተቋጠሩ ገመዶች ተንጠልጥለዋል። አሠልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ከሆዷ ሥር በመዳፉ ደግፎ ዋና ያስተማራት እሱ ነው። እንግዶቹን የሚለማመጠውም ለራሱ ብሎ ሳይሆን፣ ልጆቹ በብርድ ወራት የሚለማመዱበት ገንዳ እንዲያሠሩለት ነው። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ጠዋት ራሱ ለክቶ ሃያ ሁለት ማግኘቱን ነገራት። የዳሩን ነው የለኩት አለችው። ሳቅ አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«ፍርሃት አንዳንዴ ብርድ ይመስላል። አንቺ ብቻ ከፊት ሁኚ፤ ሌሎቹ ይከተሉሻል።»

እንድትበረታ ነበር ያላት። እሷን ግን እንቅልፍ የነሣት ይኸው የመጨረሻው ቃል ነው።

በማግሥቱ እንግዶቹ በጥላ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ዋናተኞቹ ከእንጨት በተሠራው መወጣጫ ላይ ተሰለፉ። ከደረቋ ቀጥሎ የቆመችው ቁንጫ ናት፤ የቡድኑ ትንሿ፣ ክንዷ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ አፏ ግን የማያርፍ። ያን ቀን ግን ዝም ብላ ቆይታ፣ «አንቺን እያየሁ ነው የምዋኘው፣ እሺ? እንዳትርቂኝ» አለቻት በሹክሹክታ።

ፊሽካው ተነፋ። እንደ ልማዳቸው ሁሉም ደረቋ እስክትዘል ጠበቁ።

ደረቋ ተቀመጠች። እግሯን ወደ ውኃው አንጠልጥላ እንጨቱ ላይ ቁጭ አለች። ፊሽካው ደግሞ ተነፋ። ከኋላ አንድ ልጅ «ኧረ ሼም ነው» ሲል ሰማች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ግን አልዞረችም። አሠልጣኙ መጥቶ አጠገቧ ጎንበስ አለ።

«ተነሺ።»

«አልነሣም።»

«በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ድምፁ ከጥርሱ መሃል ነበር የሚወጣው።

«ላዋርድዎት አይደለም፣ ጋሼ። ዳር ዳሩን ከሆነ እስኪመሽ እዋኛለሁ። መሃል ግን አልገባም፤ ማንንም አላስከትልም።» ድምጿ ቢንቀጠቀጥም ቃሉ አልተንቀጠቀጠም።

ቁንጫ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ ልጅ፣ ከዚያም ሌላ። ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ግን መነጽራቸውን እንዳጠለቁ ቆመው ቀሩ፤ ደረቋን በጎሪጥ ያዩዋታል።

አሠልጣኙ ቀና አለ። ሸሚዙን አወለቀና «እኔ ላሳያችሁ» ብሎ ዘለለ። አዋኛኘቱ ያምራል፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። የእህትየዋ ጀልባ ከጎኑ ተከተለ። ደረቋ ብድግ ብላ ዓይኗን ተከለችበት። መሃል ሲደርስ የክንዱ ምት ተዛባ። አንዱ እጅ ዘገየ፣ ሌላው ውኃውን በከንቱ መታው፣ ራሱ ብቅ ጥልቅ አለ። ደረቋ ልክ መሆኗን በዚህ መንገድ ማወቅ ጨርሶ አልፈለገችም። እህቷ መቅዘፊያውን ዘረጋችለትና ያዘው።

ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ፎጣ ተከናንቦ ተመለሰ። ከነፋሱ የተነሣ ዋናው ዳር ዳሩን እንዲሆን መወሰኑን ለእንግዶቹ አስረዳ። ዳር ዳሩን ዋኙ፤ ተጨበጨበላቸው፤ ቁንጫ ሦስተኛ ወጣች። ለደረቋ ማንም ምንም አላላትም።

ሰው ሲበተን አሠልጣኙ ጠራት። ፊቱን ወደ ውኃው እንዳዞረ ተናገረ።

«ውኃውን በተመለከተ ልክ ነበርሽ። ግን ልክ መሆን ሌላ፣ በሰው ፊት እምቢ ማለት ሌላ። ሰኞ በቡድኑ ፊት ይቅርታ ካልጠየቅሽ ቦታሽን ሌላ ይይዘዋል።»

ቤት ስትገባ እናቷ ወሬውን ከእህቷ ሰምታ ጨርሳለች። ይቅርታ ማለት አፍ አይቆርጥም አለቻት፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ባለውለታሽ ነው፣ አንድ ቃል ምን ያጎድልብሻል። ደረቋ እሑድን ሙሉ ቃሉን በሆዷ ስትሞክረው ዋለች። አሠልጣኙ በእንግዳ ፊት ስላፈረ በእውነት አዝናለች፤ ያ የጠቆረ ከንፈሩ ከዓይኗ አልጠፋ ብሏል። መቀመጧን ግን ጥፋት ብላ ልትጠራው ስትሞክር ቁንጫ ትታወሳታለች፤ ያን ጊዜ ቃሉን ትተወዋለች።

ሰኞ ጠዋት የዋና ልብሷን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት እናቷ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«ልትሄጂ ነው?»

«ልምምድ አለኝ።»

«ይቅርታውስ?»

«‹ስላሳፈርኩዎት ይቅርታ› እለዋለሁ፤ ለብቻው፣ ክፍሉ ገብቼ። ሰልፍ ላይ ግን አልልም።»

«ቢያባርርሽስ?»

ደረቋ ፎጣዋን ከልብሷ በላይ ጠቀጠቀች።

«ሐይቁ የእሱ አይደለም» አለችና የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች።

እናቷ ከበሩ ገለል አለችላት።