የሴቫስቲ አበልጅ

ሴቫስቲ ከግሪክ ደሴት ከካሊምኖስ ተነስታ ሉአፑላ ወንዝ ዳር ካሴንጋ ድረስ የመጣችው ለትዳር ነበር። ባሏ ማኖሊስ እንደኛው እንደ ካሴንጋ ግሪኮች ዓሣ ነጋዴ ነበር፤ ደግ ሰው። ትዳራቸው ዓመት ሳይደፍን ወባ ወሰደው። ከሱ በኋላ የተወለደችውን ልጁን አላያትም።

የባሏን ጀልባ ትሸጠዋለች ብለን ስንጠብቅ እሷው ትነዳው ጀመር። አንድ ቀን ሞተሩ መሀል ወንዝ ላይ ጠፋባትና ውሃው ይዟት ሲሄድ ገመድ የወረወረላት ፓንደሊስ ነው። ፓንደሊስ የጀልባ መካኒክ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያዜመው እሱ ነበር።

«ይህ ሞተር እንደታመመ አላወቁም?» አላት ዳር ሲደርሱ።

«ከጠዋት ጀምሮ እየለመንኩት ነበር።»

«እሱን ከሚለምኑት ለእኔ ቢነግሩኝ ይሻል ነበር።»

ጥቁር ከለበሰች ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ፓንደሊስ ሞተሩ ባይታመምም ሊያየው ይመጣ ነበር። ከሞተሩ ቀና በሚልበት ሰዓት እሷ ሁልጊዜ በር ላይ ነች።

አንድ ቀን ከሰዓት ሴቫስቲ ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቡ ቆመች።

«ፓንደሊስ፣ ልጄን ክርስትና አንሳልኝ።»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ። «አይሆንም» አለ።

በእኛ ዘንድ ክርስትና አንሳልኝ ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሴቫስቲ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባት ስለሌላት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ልጄ ምን ጎደላት?»

ፓንደሊስ ቀና ብሎ አያት። «ካነሳኋት አበልጅሽ እሆናለሁ። አበልጅ ደግሞ አበልጁን አያገባም።»

ሴቫስቲ ወንዙን አየች፤ ልጇን አየች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ያንሳት» አለች ቀስ ብላ።

ካሴንጋ የራሷ ቄስ ስላልነበራት፣ የኤልሳቤትቪሉ ዳቦ ጋጋሪ ታናሲስ ከፋሲካ በኋላ ከዚያው ከተማ ቄስ ጋር መጥቶ እንዲያነሳት ተስማሙ። ሠርጉን ከዚያ በኋላ ሊነግሩን ነበር።

ለሕማማት ሁላችንም ወደ ኤልሳቤትቪል ሄድን። ሴቫስቲ ሕፃኗ ስላተኮሳት ቀረች። ፓንደሊስም «ሞተር ፈትቼ የት እሄዳለሁ?» ብሎ ቀረ። ከኋላችን ዝናቡ ወረደና የመንገዱን ድልድይ ወሰደው።

ትኩሳቱ በረታ። የክሊኒኩ ነርስ የሰጣትን መድኃኒት ሕፃኗ መልሳ ታስወጣዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ማልቀስ አቆመች፤ ዝምታዋ ከለቅሶዋ ባሰ። ሴቫስቲ በየደቂቃው አፍንጫዋ ስር ጣቷን እያስጠጋች ትንፋሿን ትፈትሻለች።

«ሳትጠመቅ ልትሞትብኝ ነው» አለች።

ቄስ በሌለበት፣ ሞት ደጅ ከቆመ፣ ያመነ ሰው ማጥመቅ ይችላል። እናት ግን ልጇን አታነሳም። በካሴንጋ ከሁለቱ በቀር የእኛ እምነት ሰው አልነበረም።

ፓንደሊስ ተነስቶ እጁን መታጠብ ጀመረ። የሞተር ዘይቱ ከለቀቀም በኋላ ያሸዋል፤ ያሸዋል።

«ፓንደሊስ…»

«መጣሁ» አለ። 

ሕፃኗን ተቀበላት። «ማን ልበላት?»

«ስም የሚያወጣው የክርስትና አባት ነው።»

«ዞዪ» አለ። ሕይወት ማለት ነው። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም እያለ ውሃውን አፈሰሰባት። ልጅቷን ሲመልስላት ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ።

በፋሲካ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ጡትም ያዘች። ሴቫስቲ እየሳቀች አለቀሰች። ፓንደሊስ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ማንም አላየንም» አለ ሳይዞር። «አንቺ እንዳልሽ ይሁን። እኔ ትንፍሽ አልልም።»



መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በሴቫስቲ አፍ እህል አልዞረም። ደግማ ደጋግማ ልትወስን ትነሳና ልጅቷን ስታይ ውሳኔዋ ይጠፋባታል። በመጨረሻ ቄሱ መጡ፤ ታናሲስም ነጭ ቀሚስና ሻማ ይዞ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በእኛ ሞላ።

«ሕፃኗ ከዚህ በፊት ተጠምቃለች?» አሉ ቄሱ።

ፓንደሊስ የዜማ መጽሐፉን ማስቀመጫ በሁለት እጁ ጨብጦ ወለሉን ያያል። ሴቫስቲ ዝም ካለች ባል አላት፤ ቤት አላት። ዝም ካለች ደግሞ ልጇን በሞት አፋፍ የያዘላትን ጥምቀት በእግዚአብሔር ፊት ትክዳለች።  ቄሱ ጠበቁ።

«ተጠምቃለች፣ አባ። ያነሳት ፓንደሊስ ነው።»

የልባቸውን የማያውቁት «እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያሉ ሳሟቸው። የምናውቀው አንገታችንን ደፋን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አበልጄ» እና «እርስዎ» ብቻ ሆነ። ሁለቱም ሌላ አላገቡም። በኋላ ሁላችንም ወደ ኤልሳቤትቪል ተዛወርን፤ ከተማው ስሙ ተቀይሮ ሉቡምባሺ ከተባለ በኋላም እነሱ እዚያው አረጁ። እሷ በእኛ ልማድ ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት በየሳምንቱ ትጋግራለች፤ እሱ ያዜማል። ዞዪን አስተማሩ፤ ዳሩ፤ የልጅ ልጅ አዩ። እሑድ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ እሱ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። ስለዚያች ቀን አንድም ጊዜ አልተነጋገሩም።

ፓንደሊስ አርጅቶ አልጋ ሲይዝ ዞዪ ቤቷ አምጥታ አስታመመችው። ሴቫስቲ ወንበር ስባ ራስጌው ተቀመጠች።

«ያን ቀን ቄሱ ሲጠይቁኝ ዝም እንድል ፈልገህ ነበር?» አለችው።

«አጥብቄ።»

«ታዲያ ተቀየምከኝ?»



«ስትናገሪ የባሰ ወደድኩሽ» አለ። «የኔ መከራ እሱ ነበር።»

ሴቫስቲ እጁን አነሳችና በሁለት እጇ ያዘችው። ዞዪ ሾርባ ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ አየቻት፤ አልለቀቀችውም።